ብርቱካን ከክሪስፒ አገር

ካታኒያ ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣው ገበያ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ በጋሪ የከመሩትን ፍሬ እየጮኹ ይሸጣሉ። ጣሊያንኛ አላውቅም። ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አብዛኞቹን የተማርሁት በእናቴ ማጀት ነው፤ ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ መኮሮኒ። ሽማግሌው የሚሉት ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። «ፑርቱዋሊ! ፑርቱዋሊ!» ይላሉ። ዘወር ብዬ ጋሪውን ሳየው ብርቱካን ነው።

«እታለም፣ እኚህ ሰውዬ አማርኛ ይችላሉ እንዴ?» አልኋት የአክስቴን ልጅ።

ሳቀች። ለዓመታት ከዚያ ጋሪ ስትገዛ ልብ ብላው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጣሊያንኛ ብርቱካን «አራንቻ» ይባላል። ሲሲሊያውያን በገዛ ልሳናቸው ሲጠሩት ግን «ፑርቱዋሉ» ይሉታል፤ የፖርቱጋል ማለታቸው ነው። ጣፋጩን ብርቱካን በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያስፋፉት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ነበሩና ዐረቡም «ቡርቱቃል» አለው፤ እኛም ከጎረቤት ሰምተን «ብርቱካን» አልነው። የእኛ ሎሚና የእነርሱ «ሊሞኔ»፣ የእኛ ስኳርና የእነርሱ «ዙኬሮ» እንዲሁ በዐረብኛ በኩል የሚዛመዱ ቃላት ናቸው። ከቀይ ባሕር ወዲህና ከሜዲትራኒያን ወዲያ ያለን ሰዎች፣ ሳንተዋወቅ ከአንድ ሱቅ ስንገዛ ኖረናል ማለት ነው።

ውድ አንባቢ፤ እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። የሁለት ዓመት የዕረፍት ፈቃዴን አጠራቅሜ ሲሲሊ የሄድሁት እታለምን ልጠይቅ ነው። እታለም ካታኒያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ የአሮጊቷ ልጅ እናቷን ልትጠብቅ መጣችና ለእታለም ሰባት ቀን ተሰጣት። አንዲት ትንሽ ፊያት ተውሳ «ደሴቷን እንዙራት፤ እኔም ዞሬያት አላውቅ» አለችኝ። ዙሪያው ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመኖች፣ ካልጠቀስሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካታኒያ ከኤትና ተራራ እግር ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ኤትና ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ እስከ ዛሬ እሳት የሚተፋ ተራራ ነው። በ1669 የቀለጠው ድንጋይ ወርዶ ከተማዋ ደረሰ፤ በጃንዋሪ 1693 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋንና የደቡብ ምሥራቁን አገር አፈራረሰ። ይሁንና ሰዎቹ ያንን ተራራ ያርሱታል፣ ወይን ይተክሉበታል፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በረዶውን ሳይቀር ቆፍረው፣ በገለባ ሸፍነው ይሸጡት ነበር። የካታኒያ ጳጳስ ከገቢያቸው አንዱ የበረዶው ሽያጭ ነበር። ዛሬ በየማለዳው ከጣፋጭ ዳቦ ጋር የሚበላው «ግራኒታ» የዚያ በረዶ ዘር ነው። የከተማዋ ሌላ ኩራት የሆነው ፓስታ የተሰየመው ደግሞ በኦፔራ ነው። የካታኒያው ተወላጅ ቤሊኒ በ1831 ላቀረበው «ኖርማ» መታሰቢያ «አላ ኖርማ» ይሉታል፤ ደበርጃን ይጠበሳል፣ በቲማቲምና በበሶብላ ይደረጋል፣ ከላይ ጨው የገባበት ደረቅ አይብ ይፈገፈግበታል። በሙዚቃ ስም ምግብ የሚሰይም ሕዝብ ገና ሳልተዋወቀው ወደድሁት።

ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ሲራኩዛ ገባን። ይህችን ከተማ የቆረቆሯት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ734 ዓመት ገደማ ከቆሮንቶስ የመጡ ግሪኮች ናቸው። ካቴድራሏ የአቴና ጣዖት ቤት የነበረ ነው፤ የጥንቱ ዐምዶች ዛሬም ከግድግዳው ውስጥ ጎናቸውን አውጥተው ይታያሉ። እኔን ያቆመኝ ግን የድንጋይ መቁረጫው ገደል ነው። ዛሬ የሎሚና የብርቱካን ዛፍ በቅሎበት ቱሪስት ይጎበኘዋል። በ413 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሲራኩዛን ሊወር የመጣው የአቴና ጦር ሲደመሰስ፣ ምርኮኞቹ የተጣሉት ከተማዋ ድንጋይ በምትቆርጥባቸው እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች ነው። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ ከሰባት ሺህ እንደማያንሱ ይነግረናል። የጻፈው የቀለብ ልክ ከሁሉ ይልቅ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ፤ ለስምንት ወር፣ ለአንድ ሰው፣ በቀን አንድ ኮቲሌ ውኃና ሁለት ኮቲሌ እህል። ኮቲሌ ከሩብ ሊትር ትንሽ ከፍ የሚል መስፈሪያ ነው። የቆጠራ አመል አይለቅምና እዚያው ቆሜ ድምፄን አሰምቼ አሰላሁት፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ከምናምን ውኃ፣ የዚያ እጥፍ እህል፣ በፀሐይ ላይ፣ ሬሳ በተከመረበት።

እታለም የሎሚ ቅጠል በጣቷ እያሸች ታዳምጠኝ ነበር።

«ለእኛ በክዳን ነበር» አለች።

«በምን ክዳን?»

«በላስቲክ ጠርሙስ ክዳን። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ።»

ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ በባሕር እንደመጣች ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እንዴት እንደመጣች ግን ለእናቷ እንኳ ነግራ አታውቅም።

ፕሉታርክ ስለነዚያው ምርኮኞች አንድ ሌላ ነገር ጽፏል፤ ለግጥም ወዳጆች መንገር አለብኝ። የሲሲሊ ሰዎች የዩሪፒደስን ግጥም እጅግ ይወዱ ነበርና ከምርኮኞቹ አንዳንዱ ስንኞቹን በቃሉ በመውጣቱ ብቻ ነፃ ተለቀቀ፤ አንዳንዱም ከጦርነቱ ሸሽቶ ሲንከራተት ግጥም ብሎ እህል ውኃ አገኘ። ወደ አቴና የተመለሱት ወደ ባለቅኔው ቤት ሄደው አመሰገኑት ይላል። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት አልፈርድም። ብቻ ግጥም ለምን እንደምጽፍ በባንክ የሥራ ባልደረቦቼ ስጠየቅ የምመልሰው አንድ ነገር አገኘሁ።

ከሲራኩዛ ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ «ፖዛሎ» የሚል ምልክት አየሁ። በባሕር የሚመጡ ስደተኞች ከሚወርዱባቸው ወደቦች አንዱ ነው። እታለም ፍጥነት ጨመረች። ሞዲካ ደርሰን፣ ስፓኞች ከአዲሱ ዓለም ባመጡት ዘዴ ይሠራል የሚባለውን ቸኮላት ቀመስን፤ ስኳሩ ሳይቀልጥ ስለሚቀር ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። አልወደድሁትም። እታለም ሦስት ገዛች።

ጄላ የነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ሲያጠቁራት የኖረች ከተማ ናት፤ በጁላይ 1943 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ካረፈባቸው የባሕር ዳርቻዎችም አንዱ እዚሁ ነው። በጥንት ዘመን ግን አርኬስትራቶስ የሚባል ባለቅኔ ወጥቶባታል። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ሌላው ጀግናና አማልክት በሚያወድስበት የግጥም ቤት፣ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወደብ በየትኛው ወራት እንደሚጥም ገጠመ። ሥራው ሙሉውን አልደረሰንም፤ የተረፈልን ሌሎች ደራስያን የጠቀሱት ቁርጥራጭ ነው። በአንዱ ቁራጭ የሲራኩዛ ሰዎች ጥሩውን ዓሣ አይብ እየጨመሩበት እንደሚያበላሹት ተቆጥቶ ይናገራል። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ቁጣው አልበረደም።

ከጄላ ወደ አግሪጄንቶ በሚወስደው መንገድ ፓልማ ዲ ሞንቴክያሮ የምትባል የደኸየች ከተማ አለች። በ1637 የቆረቆሯት የላምፔዱዛ መሳፍንት ቅድመ አያቶች ናቸው። የዚያ ቤት የመጨረሻ መስፍን ጁሴፔ ቶማዚ ዲ ላምፔዱዛ «ኢል ጋቶፓርዶ» የተባለውን ልቦለድ ጽፎ አሳታሚ እንቢ እንዳለው በ1957 ሞተ፤ መጽሐፉ በዓመቱ ታተመና ስሙ ዓለምን ሞላ። በልቦለዱ ውስጥ አንድ የራት ግብዣ አለ። ዘመኑ 1860 ነው፤ ጋሪባልዲ ማርሳላ ላይ አርፎ አሮጌው መንግሥት እየፈረሰ ነው። መስፍኑ በገጠር ቤተ መንግሥታቸው የከተማውን ሹማምንት ጋብዘዋል። ያን ጊዜ በወርቅማ ቅርፊት የተሸፈነ የመኮሮኒ ጥብስ ይገባል፤ ቢላዋ ሲያርፍበት የቀረፋና የስኳር ሽታ ያለው እንፋሎት ይወጣል፤ ከውስጡ የዶሮ ጉበት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ ይዘረገፋል። እንግዶቹ ዝም ብለው ይበላሉ።

እንዲህ ያለውን ማዕድ በየመሳፍንቱ ቤት የሚሠሩት በፈረንሳይ ወግ የሠለጠኑ ወጥ ቤቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ «ሞንዙ» ይላቸዋል፤ «ሙሴ» የሚለው የፈረንሳይ መጠሪያ ተጣሞ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ያለው ገበሬ የሚበላው ግን ሌላ ነው። በዚያው ምሽት አግሪጄንቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት የቀረበልን ሳርዲን ይህን አስረዳኝ። መሳፍንቱ አደን ወጥተው «ቤካፊኮ» የምትባለውን በለስ በል ወፍ ከነሆድ ዕቃዋ ያስጠብሱ ነበር። ድኻው ወፏን ከየት ያምጣ? ርካሹን ሳርዲን ሰንጥቆ፣ የዳቦ ፍርፋሪና ዘቢብ ሞልቶ፣ ጠቅልሎ፣ ጭራውን እንደ ወፍ ጭራ ወደ ላይ አቁሞ ጠበሰው፤ ስሙንም «ሳርዲን በቤካፊኮ ወግ» አለው። ፓስታው ላይ አይብ የሚበትንበት አቅም ሲያጣም የደረቀ ዳቦ አድቅቆ፣ በዘይት ቆልቶ እንደ አይብ ነሰነሰው። ዛሬ ይህ ሁሉ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ሲሲሊ ውስጥ የቀመስሁት ጣፋጭ ምግብ አብዛኛው፣ ታሪኩን ሲጠይቁት፣ የሌለውን ነገር ተክቶ የቆመ ነው።

የአግሪጄንቶን ጣዖት ቤቶች የሚያደንቁ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ እኔ አልጨምርም። ከተማዋን ከከበቧት ኮረብቶች ሥር ስለነበረው የድኝ ማዕድን ግን ልናገር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የዓለም ድኝ አብዛኛው ከዚህ ደሴት ይወጣ ነበር። ማዕድኑን በጀርባቸው ተሸክመው በጠባቡ ደረጃ የሚወጡት «ካሩሲ» የሚባሉ ልጆች ናቸው። ቆፋሪው ለልጁ ቤተሰብ አስቀድሞ ገንዘብ ይሰጣል፤ «ሶኮርሶ ሞርቶ» ይሉታል፣ «የሞተ እርዳታ» እንደማለት። ዕዳው እስኪከፈል ልጁ ከቆፋሪው እጅ አይወጣም። በሥራዬ የብድር ውል አይቻለሁ፤ ቤት፣ መኪና፣ የወርቅ ሐብል በመያዣነት ሲቀርብ አውቃለሁ። መያዣው ልጅ የሆነበት ውል ግን አላየሁም። በ1910 ከአሜሪካ የመጣው ቡከር ዋሽንግተን፣ ራሱ በባርነት የተወለደ ሰው፣ ከእነዚህ ጉድጓዶች አንዱን ጎብኝቶ ሲኦልን የሚመስል ቦታ በዚህ ዓለም ካየሁ ይህ ነው የሚል ቃል ጻፈ። የዚሁ አገር ልጅ ፒራንዴሎም በ1912 ስለ አንድ የማዕድን ቤት ምስኪን ጨረቃን እንዴት እንዳገኘ አጭር ልቦለድ ጽፏል፤ ያላነበባችሁት ብትፈልጉት አይቆጫችሁም።

በማግሥቱ በአግሪጄንቶና በማዛራ መካከል ስንጓዝ መንገዱ በብርቱካን እርሻ መካከል ገባ። ወሩ ሚያዝያ ነበርና ዛፎቹ ፍሬና አበባ ባንድ ላይ ይዘዋል። መስኮቱን ከፈትነው፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። ሲሲሊያውያን ይህን አበባ «ዛጋራ» ይሉታል፤ ከዐረብኛው «ዘህር» የወጣ ነው። እታለም መኪናዋን አቁማ ከመንገድ ዳር ነጋዴ አንድ ከረጢት ገዛች። እኔ የከተማዋን ስም አነበብሁ፤ ሪቤራ።

ይህን ስም ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ፍራንቸስኮ ክሪስፒ በ1818 የተወለደው እዚህ ነው።

ክሪስፒን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም፤ ቢያንስ እንደ ስም። የውጫሌ ውል በ1889 ሲፈረም የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር እርሱ ነበር፤ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የመጣው በእርሱ ዘመን ነው፤ ዓድዋ ላይ የተሸነፈውም የእርሱ መንግሥት ነው። እኛ ዘንድ ታሪኩ ከዚህ አያልፍም፤ ሮም የተቀመጠ የባዕድ ሹም። እኔም ይህ ሰው ከምን አፈር እንደበቀለ አስቤ አላውቅም ነበር። የሲሲሊ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ አብዮተኛ የነበረ፣ በ1860 ከጋሪባልዲ ጋር ማርሳላ ላይ ያረፈ፣ ለገበሬው ነፃነት ይመጣል ብሎ ያመነ።

ገበሬው ነፃነቱን እየጠበቀ ሠላሳ ዓመት አለፈ። መሬቱ ያው የባለርስቶች ነው፤ ግብሩና ቀረጡ ጨምሯል። በሜይ 1891 ካታኒያ ውስጥ «ፋሺ» የሚባል የሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ አንባቢን እንዳያሳስት፤ «ፋሾ» ችቦ፣ ነዶ፣ እስር ማለት ነው፤ ሙሶሊኒ ቃሉን የወሰደው በኋላ ነው። ማኅበሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ደሴቷን አዳረሰ። ገበሬው፣ የድኝ ቆፋሪው፣ ሴቱ ሁሉ ገባበት። ጥያቄያቸው የተሻለ የእርሻ ውልና የግብር ቅነሳ ነው። በጃንዋሪ 1893 ካልታቩቱሮ በተባለች መንደር የወል መሬት ሊያርሱ የወጡ ገበሬዎች ላይ ወታደር ተኩሶ ከአሥር በላይ ገደለ። በዓመቱ መጨረሻ ክሪስፒ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ሲሲሊያውያን የአገራችን ልጅ መጣልን ሳይሉ አልቀሩም። በጃንዋሪ 1894 ክሪስፒ በተወለደባት ደሴት ላይ የጦር ጊዜ አስተዳደር ዐወጀ። ወደ 40,000 የሚጠጋ ወታደር ተላከ፤ ማኅበሮቹ ተበተኑ፤ መሪዎቹ በጦር ፍርድ ቤት ረጅም እስራት ተፈረደባቸው።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ክሪስፒ በዚያው ዓመት ሰፋፊ ርስቶችን የሚያከፋፍል ሕግ አቅርቦ ነበር። ባለርስቶቹ ተነሡበትና ሕጉ ወደቀ። የሲሲሊን መሬት ለሲሲሊ ገበሬ መስጠት አልተቻለም። ሌላ መሬት ግን ነበረ። ኤርትራን የያዘው የጣሊያን መንግሥት ከደጋው አገር እርሻ እየቀማ ለጣሊያን ሰፋሪ ገበሬዎች ማደል ጀምሮ ነበር፤ የቅኝ ግዛት ደጋፊዎችም ለደቡብ ጣሊያን መሬት አልባ መፍትሔው ይህ ነው ይሉ ነበር። በዲሴምበር 1894 ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአከለ ጉዛይ ሸፈቱ፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው የመሬቱ ንጥቂያ ነው። ሐላይ ላይ ተዋግተው ወደቁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናውቀዋለን፤ ኮዓቲት፣ አምባላጌ፣ መቀሌ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ። ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ከሥልጣን ወረደ።

በአንድ ዓመት፣ በ1894፣ ጃንዋሪ ላይ መሬት የጠየቀ የሲሲሊ ገበሬ ታሰረ፤ ዲሴምበር ላይ መሬቱን የተቀማ የአከለ ጉዛይ ገበሬ ሸፈተ። በሂሳብ መዝገብ አንድን ገንዘብ ከአንዱ ገጽ ስታነሣ በሌላው ገጽ ታሳርፋለህ። ይህን ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ገልጦ ያሳየኝ መምህር ግን አልነበረኝም። ዓድዋን ሳስብ ሁልጊዜ የምኮራው ኩራት አልቀነሰብኝም፤ ለምን ይቀንሳል? ነገር ግን ያን ዕለት በሪቤራ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ከወዲያ ማዶ ሆኖ የመጣው ወታደርም የተራበ ሰው ልጅ እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብሁ።

«የክሪስፒ አገር ነው» አልኋት።

«ማነው እሱ?»

ነገርኋት። ብርቱካኗን በጥንቃቄ ልጣ ስትጨርስ «የዚህ አገር የመጀመሪያ ምግቤ ይሄ ነበር» አለች። «ፖዛሎ ላይ አንዲት ሴትዮ ዳቦና ብርቱካን ሰጠችኝ። ልጣጩን እንኳ መላጥ አቃተኝ፤ ጣቴ ደርቆ። እሷ ላጠችልኝ። ከእኔ ጋር የነበረችው ልጅ የራሷን ሳትቀምስ …» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም። ግማሹን ብርቱካን ሰጠችኝ።

በኦክቶበር 3 ቀን 2013 በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ 368 ሰዎች ይዛ ቀረች፤ አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ የተቀበሩት በሲሲሊ በየመቃብሩ ተበትነው ነው። ላምፔዱዛ የሚለው ስም ለጣሊያን አንባቢ የመኮሮኒው ጥብስ ጌታ፣ የመስፍኑ ደራሲ ስም ነው። ለእኛ ሌላ ነው።

በ827 ዐረቦች ሲሲሊን ሊይዙ መጥተው ያረፉት ማዛራ ላይ ነው። ደሴቷን ለመጨረስ ሰባ አምስት ዓመት ፈጀባቸው። ሎሚና ሸንኮራ አገዳ፣ የመስኖ ጥበብና የቦይ ስሞች በእነርሱ ገቡ፤ ገበሬው የውኃ ማጠራቀሚያውን ዛሬም በዐረብኛ ቃል «ጀቢያ» ይለዋል። ማዛራ ዛሬ ደግሞ የቱኒዚያ ዓሣ አጥማጆች የሰፈሩባት ናት። ትራፓኒ ስንደርስ ኩስኩስ በላን። ሴቶች የስንዴውን ዱቄት በሸክላ ገበታ ላይ ዘርግተው፣ ውኃ በጣት እየረጩ፣ በመዳፍ እያሹ ፍርፍር ያደርጉታል፤ በእንፋሎት ይበስልና የዓሣ መረቅ ይፈስስበታል። ከባሕሩ ወዲያ በሥጋ የሚበላው ወዲህ ማዶ በዓሣ ሆነ እንጂ እጁ አንድ ነው። እታለም ማሰሮው ላይ አጎንብሳ «ይኸ ነገር በርበሬ ቢያገኝ» አለች።

ፓሌርሞ ሁለት ቀን ተቀመጥን። ደሴቷን ከዐረቦች የወሰዱት ኖርማኖች ከተማዋን በ1072 ያዙ፤ ዐዋቂዎቿን ግን አላባረሩም። ዳግማዊ ሮጀር ሙስሊሙን የጂኦግራፊ ሊቅ ኢድሪሲን አስቀምጦ የዓለምን ካርታና መጽሐፍ አሠራ፤ ሥራው በ1154 ተጠናቀቀ። በዚያ ካርታ ደቡብ ያለው ከላይ ነው፤ ስለዚህ የሐበሻ ምድር ከሲሲሊ በላይ ትቀመጣለች። ይህን ሳውቅ በልጅነት ደስታ ተደሰትሁ። ኢድሪሲ በዚሁ መጽሐፍ ከፓሌርሞ በስተምሥራቅ ያለች ትራቢያ የምትባል መንደርን ያነሣል፤ ወፍጮዎች እንዳሏትና «ኢጥሪያ» የሚባል የዱቄት ክር እየተሠራ በመርከብ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር እንደሚጫን ይጽፋል። የደረቀ ፓስታ ነው። እናቴ በእንጀራ የምታቀርብልን ፓስታ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር በዐረብኛ ስም ትራቢያ ላይ ይገኛል።

ደጉ ዘመን ግን አልቆየም። የመጨረሻዎቹ ሙስሊሞች በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ወደ ዋናው ጣሊያን ተጋዙ፤ አይሁዶቹም በ1492 የስፔን ነገሥታት ዐዋጅ ተባረሩ። ገበያ ውስጥ የሚሸጥ የጣፊያ ዳቦ አለ፤ የተጀመረው በአይሁድ ሉካንዳዎች ነው ይባላል። ጣፊያው ተቀቅሎ በስብ ይጠበስና ሰሊጥ ባለው ዳቦ ይገባል። በሎሚ ብቻ ከሆነ «ወንደላጤ»፣ አይብ ከታከለበት «ያገባ» ይሉታል። እኔ ወንደላጤውን አዘዝሁ፤ እታለም ሳቀችብኝ። የሚጠበስበት ስብ ዛሬ የዐሣማ ነው፤ ባለቤቶቹ ከተባረሩ በኋላ ምግባቸው የሚሆነው እንዲህ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሳንታ ማሪያ ዲ ጄሱ ገዳም አለ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት እዚያ ቤኔዴቶ የሚባል ወጥ ቤት ነበረ። ወላጆቹ ከአፍሪቃ ተሸጠው የመጡ ባሮች ናቸው። ማንበብና መጻፍ አያውቅም። መነኮሳቱ ግን በ1578 አለቃቸው እንዲሆን መረጡት፤ ጊዜው ሲያበቃ ወደ ማድቤቱ ተመለሰ። በ1589 ሞተ፤ በ1652 ፓሌርሞ ከከተማዋ ጠባቂ ቅዱሳን ጋር ቆጠረችው፤ በ1807 ሮም ቅድስናውን ዐወጀች። አንዳንድ መጽሐፍ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። በዚያ ዘመን አውሮፓውያን ጥቁሩን ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ነበርና የእኛ ነው ብዬ አልሟገትም። በጁላይ 2023 የሰደድ እሳት ቤተ ክርስቲያኑን ያዘው፤ አራት መቶ ዓመት የኖረው አጽሙም ክፉኛ ተቃጠለ። እታለም ታሪኩን ሰምታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ምን ይሠራ ነበር?» ወጥ ቤቱን ቅዱስ ያሉት ሰዎች ምግቡን አልጻፉልንም።

የተወለደባት ሳን ፍራቴሎ ከፓሌርሞ ወደ ሜሲና በሚወስደው መንገድ ከባሕሩ በላይ ተራራ ላይ ናት። ወጥተን ዳቦና አይብ በልተን ወረድን።

የመጨረሻው ከተማ ሜሲና ነው። በዲሴምበር 1908 የመሬት መንቀጥቀጥ ስላወደመው አሮጌ ነገር ብዙ የለውም። ያየነው አንድ ሐውልት ግን ከዚያ በፊት የቆመ ነው፤ በመድፍ ዙሪያ የሚዋደቁ የነሐስ ወታደሮች። ዓድዋ ላይ ለወደቁት የማሶቶ ባትሪ መድፈኞች መታሰቢያ ነው። «የሲሲሊ ባትሪዎች» ይሏቸው ነበር፤ የዚችው ደሴት ልጆች ናቸው። ከዚያ ጦርነት በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሲሊያዊ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ ሄደ።

እታለም ሐውልቱን ዞረችው።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሃያ፣ ሃያ አንድ ቢሆን ነው።»

«እኔም ስመጣ ሃያ አንድ ነበርኩ» አለች።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ትንሽ ቆየን። ከሪቤራ ከገዛናቸው ብርቱካኖች ሁለት ቀርተው ነበር። ልልጥ አንዱን ባነሣ ቀማችኝ፤ ለአሮጊቷ ይሁኑ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸውና መኪናዋን አስነሣች።